ዐረብኛው አንድ፣ ቤቱ ሌላ፦ ከቤሩት ወደ ባሕረ ሰላጤ ለሚሄዱ እህቶች

ሊባኖስ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርታ ወደ ኩዌት፣ ወደ ሳውዲ ወይም ወደ ዱባይ የምትሄድ እህት እንደ አዲስ ሠራተኛ አትፈራም። ዐረብኛ ትሰማለች፣ ምግብ መሥራት ታውቃለች፣ የዐረብ ቤት ምን እንደሚመስል አይታለች። ኤጀንሲውም በወረቀቷ ላይ «ልምድ ያላት» ብሎ ይጽፍላታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ቃል ነው። አዲሷ ማዳም ያንን ስታነብ «የእኛን ቤት ሥራ ታውቃለች» ብላ ትጠብቃለች፤ እህታችን የምታውቀው ግን የቤሩትን ቤት ነው። ትእዛዙ ሳይገባት ሲቀር እንደ ስንፍና፣ አንዳንዴም እንደ እምቢተኝነት ይቆጠርባታል። «ልምድ አለኝ ብላ ዋሽታ መጣች» እስከ መባልም ይደርሳል።

ይህ በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ኑሮውን ወደ አውስትራሊያ ሲያዛውር ቋንቋው ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ንጉሡም ያው አንድ ንጉሥ ነው። የገና በዓል ግን በጠራራ የበጋ ፀሐይ ይመጣበታል። «ቶንግስ» ሲሉት እሱ የሚያውቀው የውስጥ ልብስ ነው፤ እነሱ ነጠላ ጫማ ማለታቸው ነው። «ሰሃን ይዘህ ና» ብለው ሲጋብዙት ባዶ ሰሃን ይዞ ይሄዳል፤ ለካ ምግብ ሠርተህ አምጣ ማለታቸው ኖሯል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ተምሮ፣ ቪዛውን ይዞ፣ በገዛ ቋንቋው እየተናገረ ለሚሄድ ሰው ነው። አንቺ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋሽ፣ በሰው ቤት ውስጥ ነው የምትማሪው። ስለዚህ ግራ ሲገባሽ ራስሽን አትስደቢ።

ከቋንቋው እንጀምር። የቤሩት ሰው ቡናን «አህዌ» ይላል፤ በባሕረ ሰላጤው «ገህዋ» ነው። ቤሩቶች የሚውጡት ድምፅ እዚያ «ገ» ሆኖ ይሰማል። ኩዌት ውስጥ ደግሞ «ጀ» ብዙ ጊዜ ወደ «የ» ይለወጣል፤ ዶሮ «ዲያይ» ይባላል። ለሴት ሲናገሩ መጨረሻው «ች» ይሆናል። ቤሩት «ኪፊክ» ብለው ይጠይቁሽ የነበሩት እዚህ «ሽሎኒች» ይሉሻል፤ እንዴት ነሽ ማለት ነው። «ምኒሐ» ብለሽ ትመልሺ የነበረውን «ዜይና» በይ። «አሁን» ለማለት ቤሩት «ሀላእ» ነበር፤ ኩዌት «አልሒን» ነው። «እፈልጋለሁ» በቤሩት «በዲ»፣ በኩዌት «አቢ»፣ በሳውዲ «አብጋ» ይሆናል። «ምን?» ለማለት ኩዌት «ሺኑ»፣ ሳውዲ «ኤሽ» ሲሉ ትሰሚያለሽ።

ማድ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እዚያ የሚጠየቀው ዕቃው ራሱ ነውና። ማንኪያ ኩዌት «ገፍሻ» ነው፣ ሹካ «ቺንጋል»፣ ብርጭቆ «ግላስ»። መስኮት «ዲሪሻ» ይባላል፤ ይህን ቃል ቶሎ ያዢው፤ የአቧራ ነፋስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ቲማቲም «ባናዱራ» መሆኑ ቀርቶ ወደ እኛው «ቲማቲም» የቀረበ «ጠማጥ» ይሆናል። ከሁሉም የሚያሳስተው «ዔሽ» ነው። በግብፅ ዔሽ ዳቦ ነው፤ በኩዌትና በባሕሬን ሩዝ ነው። ማዳም ዔሽ አቅርቢ ስትል ዳቦ ይዘሽ ብትመጪ፣ እንግዳ ባለበት ሰዓት ከሆነ ቀልድ አይሆንም።

እዚህ ላይ የእኛም ባሕርይ ይጨመርበታል። እኛ አገር ታላቅ ሲናገር «እሺ» ማለት አክብሮት ነው፤ ባይገባንም እሺ እንላለን፣ በኋላ ሌላ ሰው እንጠይቃለን። የአሠሪ ቤት ውስጥ ግን እሺ ማለት «ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁ» ማለት ነው። ያልገባሽን እሺ ብለሽ ሳትሠሪው ብትቀሪ የምትቆጣው እምቢ ያልሻት መስሏት ነው። ይልቅ ዕቃውን አንሥተሽ አሳዪና «ሃዳ?» ብለሽ ጠይቂ። ቃሉን በአማርኛ ፊደል በትንሽ ደብተር ጻፊው። በአንድ ወር ውስጥ ደብተሩ አያስፈልግሽም።

ቤሩት የለመድሻቸው «ቦንዡር» እና «መርሲ» የፈረንሳይ ቃላት ናቸው፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ የሚጠቀምባቸው ሰው ብዙ አይደለም። ሰላምታው «አስሰላሙ ዐለይኩም» ነው፣ መልሱም «ወዐለይኩሙስሰላም»። አንዳንድ ክርስቲያን እህቶች ይህን መመለስ ሃይማኖት መለወጥ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ማለት ነው። የሊባኖስ «ማዳም» እና «ሚስተር» ደግሞ በብዙ ቤት «ማማ» እና «ባባ» ይሆናሉ። የቤቱን እመቤት በበኩር ልጇ ስም «ኡም እገሌ» ብሎ መጥራትም የተለመደ ነው፤ የእኛን «የእገሌ እናት» ይመስላል። ማማ ማለት አይከብድም፤ ብቻ ማማ ስላልሻት ደመወዝሽን የማትጠይቂ ልጅ አትሆኚም።

ስለ ቡና ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከቡና አገር የመጣች ሴት ቡና አታውቅም ስትባል ያናድዳልና። ሊባኖሶች ቡናቸውን በ«ረክዌ» አጥቁረው ያፈላሉ፤ አንቺም ከመጣዱ በፊት ስኳር ስንት ብለሽ ትጠይቂ ነበር። የባሕረ ሰላጤው ቡና ሌላ ነገር ነው። በትንሹ ብቻ ስለሚቆላ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሄል ይበዛበታል፣ ስኳር የለውም፤ ጣፋጩ አብሮት የሚቀርበው ቴምር ነው። የሚቀዳው «ደላ» ከምትባል አፈ ረጅም ማንቆርቆሪያ፣ ጆሮ በሌለው «ፊንጃን» ላይ ነው። ደላውን በግራ እጅሽ፣ ፊንጃኑን በቀኝ እጅሽ ይዘሽ ትቀጃለሽ፤ ለእንግዳ የሚሰጠው ሁልጊዜ በቀኝ እጅ ነው። ከፍ ያለው ሰው ይቀድማል።

የሚያስቸግረው ልኩ ነው። እኛ ስኒውን ጢም አድርገን ካልሞላን ንፉግ እንባላለን። እዚያ ግን የሞላ ፊንጃን ስድብ ነው፤ «ጠጣና ሂድልኝ» ማለት ይሆናል። ሲሶውን ያህል ብቻ ቅጂና ቆመሽ ጠብቂ፤ ሲጨርስ ደግመሽ ቅጂለት። እንግዳው «በቃኝ» የሚለው በአፉ ሳይሆን ፊንጃኑን ግራና ቀኝ በመነቅነቅ ነው። ሳይነቀንቅ ስኒውን ብትቀበይው ነጠቅሽው ማለት ነው፤ ነቅንቆ ሳለ ብትቀጂለት ደግሞ አላየሽም ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ለእነርሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦላቸዋል። እኛ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ያለንን ክብር ያህል ብለሽ ብታስቢው ቶሎ ይገባሻል።

ከምግብ በኋላ እጣን ይመጣል። «በኹር» ይሉታል፤ ውድ የሆነው ዐይነት «ዑድ» የሚባል እንጨት ነው። ፍሙን አንቺ ታቀጣጥያለሽ፣ እንጨቱን ግን ማማ ራሷ ብትጨምር ይሻላል፤ ጥቂት ግራም ብዙ ገንዘብ ነው። ማጨሻው በእንግዶቹ መካከል ሲዞር ልብስና ፀጉራቸውን ያጥናሉ፣ ከዚያም ይነሣሉ። ከዑድ በኋላ መቀመጥ የለም ይባላል። ስለዚህ ሳትታዘዢ እጣን ይዘሽ አትግቢ፤ እንግዳ ማባረር ይሆናል። እኛ ቤት እጣን የሚጨሰው ሰው ቁጭ እንዲል ነው፤ ነገሩ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ።

ቤቱም ይለያል። ቤሩት ብዙዎቻችን የሠራነው ፎቅ ላይ ባለ አፓርታማ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ብቻችንን ነው። ባሕረ ሰላጤው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ፎቅ ያለው ግቢ ነው። አያት ታች ትኖራለች፣ ያገባ ልጅ ላይ ይኖራል፣ አንድ ሾፌር አለ፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ወይም ስሪላንካዊት ቀድማሽ ገብታለች። ማን እንደሚያዝሽ ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። አያት አንድ ነገር፣ ማማ ሌላ ነገር ሲያዙሽ «የቱን ላስቀድም?» ብለሽ ማማን ጠይቂ፤ ራስሽ አትምረጪ። ቀድማ የገባችው ሠራተኛ ደግሞ ከማንም የበለጠ ታውቃለች፤ ዐረብኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም የቤቱን ጠባይ ጠይቂያት።

የወንዶች እንግዳ ክፍል ለብቻው ነው፤ «መጅሊስ» ይባላል፣ ኩዌቶች «ዲዋንያ» ይሉታል። በር ለብቻው ያለው ብዙ ነው። ወንዶች ተቀምጠው ሳለ ካልተጠራሽ አትግቢ፤ ትሪውን በር ላይ አድርሰሽ ሾፌሩ ወይም የቤቱ ልጅ ይቀበልሽ። ቤሩት ሚስተር ሳሎን ውስጥ ከሴት እንግዶች ጋር ተቀምጦ ሲስቅ ማየት የለመደች እህት ይህን መርሳቷ አያስደንቅም። ሰላም ለማለት እጅሽን ቀድመሽ ለወንድ አትዘርጊ። ምግቡም እንደ ሊባኖስ በሃያ ትናንሽ ሰሃን ሳይሆን በአንድ ትልቅ ትሪ ይቀርባል፤ ሩዝ ከሥጋ ጋር፣ ኩዌት «መጅቡስ»፣ ሳውዲ «ከብሳ»። ብዙዎች መሬት ተቀምጠው በቀኝ እጅ ይበላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጉርሻ ግን ለአገርሽ አቆዪው።

ስለ ልብስ አጭር ነገር። የወንዶቹ ነጭ ቀሚስ ኩዌት «ዲሽዳሻ»፣ ኤምሬትስ «ከንዱራ»፣ ሳውዲ «ቶብ» ነው። ለብቻው ይታጠባል። የራስ መጠምጠሚያው «ጉትራ» በ«ነሻ» ደርቆ ይተኮሳል፤ ግንባር ላይ የሚሰበረው እጥፋት ቀጥ ካላለ ባባ ከቤት አይወጣም። ጥቁሩን ዓባያ በጋለ ካውያ በፊት ለፊቱ አትተኩሺው፣ ያብለጨልጫል፤ ገልብጠሽ በለዘበ ሙቀት ተኩሺው።

ሊባኖስ መብራት በሰዓት ነበር። የመንግሥቱ ሲሄድ የሰፈሩ ጀነሬተር ይመጣል፤ «ኢሽቲራክ»ሽ አምስት አምፔር ከሆነ ልብስ ማጠቢያና ካውያ አንድ ላይ አትሰኪም። ኩዌት መብራት እንደዚያ አይጠፋም፣ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ በሚባል የኩዌት ቦታ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። በበጋ ከቧንቧ የሚወርደው ቀዝቃዛ ውኃ ያቃጥላል፤ ሕፃን ከማጠብሽ በፊት በእጅሽ ሞክሪው። ሰገነትና ግቢ ማጽዳትን ለማለዳ ወይም ለምሽት አድርጊልኝ ብለሽ ብትጠይቂ ስንፍና አይደለም።

የዕረፍት ቀንም ይዞራል። ሊባኖስ እሑድ ነበር፤ ደወል ትሰሚያለሽ፣ ፈቃድ ካገኘሽ ቅዳሴ ትሄጃለሽ፣ ሐሪሳ ወጥተሽ እመቤታችንን ትሳለሚያለሽ። ኩዌት፣ ሳውዲ፣ ኳታርና ባሕሬን ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ኤምሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጋለች፣ ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ዓርብ ቀን በሕዝብ ይሞላሉ፤ የኩዌቱ የቅድስት ቤተሰብ ካቴድራልም እንዲሁ። ዓርብ መሄድ እሑድን መተው አይደለም። ማማ «ዛሬ እሑድ አይደለም፣ ለምን ትሄጃለሽ?» ብትልሽ አስረጃት። ሳውዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። እዚያ ጸሎትሽ ክፍልሽ ውስጥ፣ ለራስሽ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ቤሩት ውስጥ ተግሣጽ ብቻ ያመጡ የነበሩ ነገሮች እዚህ እስር ቤት ሊያስገቡ ይችላሉ። ሊባኖስ ወይንና አረቄ በሱቅ ይሸጣል። ኩዌትና ሳውዲ መጠጥ የተከለከለ ነው፤ ለበዓል ብለሽ በባልዲ የምትጠምቂው ጠላም ያው መጠጥ ነው። ጫት በባሕረ ሰላጤው እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል። «ለእገሌ አድርሺልኝ» ተብሎ የተሰጠሽን የታሸገ ዕቃ ሳትከፍቺ ወደ ሻንጣሽ አታስገቢ፤ የሰጠሽ የአክስትሽ ልጅ ብትሆንም።

ክታብና የአገር መድኃኒት ሌላው ነው። የተሰፋ ክታብ፣ በግእዝ የተጻፈ ጥቅልል፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቅጠል ሳውዲ ውስጥ ሲገኝ «ሲሕር»፣ ማለትም ድግምት ተብሎ ሊከሰሱበት ይችላል፤ ሲሕር እዚያ ወንጀል ነው። ለሆድሽ ብለሽ ያመጣሽው ጤና አዳም እንኳ ያልተለመደ ሽታ አለው። ለሕፃን ወይም ለሽማግሌ ሻይ ውስጥ ምንም ቅጠል አትጨምሪ፣ በቅንነት ቢሆንም። ከፀጉርሽ የረገፈውን በወረቀት ጠቅልለሽ ትራስ ሥር አታስቀምጪ። ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ እነርሱ ቤት ግን ከባድ ክስ ሊወልድ ይችላል።

ስልክም እንዲሁ። ቤሩት ማዳም ራሷ ከልጆቹ ጋር ፎቶ አንሥታሽ ትለጥፍ ይሆናል። ባሕረ ሰላጤው ላይ ያለ ሒጃብ ያለችን የቤቱን ሴት ከኋላሽ አስገብተሽ ቲክቶክ ላይ ብትለቂ፣ ክስ ሊከተል ይችላል፤ ኤምሬትስ ውስጥ ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሣት በሕግ ያስቀጣል። በረመዳን ደግሞ ኩዌት ውስጥ በቀን አደባባይ ላይ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ እስከ 100 ዲናር መቀጫ ወይም እስከ አንድ ወር እስራት ያመጣል። ባትጾሚም ማድ ቤት ውስጥ ዘወር ብለሽ ብዪ። እንዳትበዪ ግን ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም።

ገንዘቡን በቁጥሩ አትለኪው። ሊባኖስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊራው ወድቆ ሰው ሁሉ በዶላር ማሰብ ለመደ። ኩዌት 60 ዲናር ስትባይ «ከ200 ዶላር ወደ 60 ወረድኩ» ብለሽ ትደነግጪ ይሆናል። አንድ ዲናር ከሦስት ዶላር በላይ ነው፤ 60ው ወደ 195 ዶላር ይጠጋል። በተቃራኒው 1000 የሳውዲ ሪያል ብዙ ይመስላል፤ 267 ዶላር ገደማ ነው። ከመፈረምሽ በፊት አስልተሽ እይ።

እስከ አሁን ያልኩት ልማድ ነው፤ ተምረሽ የምትይዢው። ነገር ግን «እዚህ አገር ባህሉ ነው» እየተባለ የሚመጣ፣ ባህል ያልሆነ ነገር አለ። ፓስፖርትሽን ቀምቶ መቆለፍ፣ ደመወዝን ለወራት «ቆይ» ማለት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኝተሽ አሥር ሰዓት መቀስቀስ፣ መምታት፣ ወንድ ወደ ክፍልሽ መግባቱ፣ ወደ እህት ቤትም ጭምር ወስዶ ማሠራት፣ እነዚህ ባህል አይደሉም። ኩዌቶች ራሳቸው በ68/2015 ሕጋቸው የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እንዲኖራት፣ በዓመት የሚከፈልበት ፈቃድ እንድታገኝ ጽፈዋል። ፓስፖርትሽን ያለ ፈቃድሽ መያዝም ከልክለዋል። ዝቅተኛውን ደመወዝም በ2016 እ.ኤ.አ. 60 ዲናር አድርገውት ነበር። ኤምሬትስም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን አዛለች። የሚገርመው፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከነአካቴው አያካትትም። ቤሩት ያጣሽው መብት እዚህ በወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ወረቀትና ቤት ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ቢሆንም መኖሩን የምታውቅ ሴት የምትጠይቀው አላት።

መሸሽን ግን አስበሽበት። ከቤት ከወጣሽ አሠሪው ጠፍታለች ብሎ ሊያስመዘግብሽ ይችላል፤ ኩዌት «ተገዩብ»፣ ሳውዲ «ሁሩብ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ኢቃማሽ ይበላሻል፣ የበደለሽ እሱ ሆኖ ተፈላጊዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ውጪ፣ አትቆዪ። ስትወጪ ግን በጓደኛ ቤት አትደበቂ፤ በቀጥታ ወደ ኤምባሲያችን ወይም ወደ ፖሊስ ሂጂ። ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞችን አቤቱታ የሚቀበል የመንግሥት ክፍል አለ፤ ለሴት ሠራተኞች የተዘጋጀ መጠለያም አለ።

ከመሄድሽ በፊት የፓስፖርትሽን፣ የኮንትራትሽንና የቪዛሽን ፎቶ አንሥተሽ ለእናትሽ ወይም ለምታምኛት እህትሽ ላኪ፤ በስልክሽ ብቻ አታስቀምጪ፣ ስልክ ይወሰዳል። የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ የሰፈሩን ስምና የቤቱን ቁጥር እንደደረስሽ ጨምረሽ ላኪላቸው። ኩዌት ሰፈሩ በ«ቅጥዓ» ቁጥር፣ ከዚያ በመንገድ፣ ከዚያ በቤት ቁጥር ነው የሚነገረው፤ ሦስቱንም ካልያዝሽ ማንም አያገኝሽም። ቁጥሩ በር ላይ ተለጥፏል፤ ቆሻሻ ልታወጪ ስትወጪ አንብቢው።